እንደ ጨው ነጭ

ኢንስፔክተሯ በሥራ ዘመኗ ብዙ ደም አይታለች። አረንጓዴ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደም ግን አይታ አታውቅም ነበር።

አልጌ የሚባለው አረንጓዴ የውሃ ዕፅ የሚያድግበት የላቦራቶሪው ክፍል ወለል ረግረግ ሆኗል። በግድግዳው ጥግ የሰው ቁመት የሚያህሉ የብርጭቆ ቱቦዎች ተደርድረው ነበር፤ አሁን የቀረው እንደ ተሰበረ ጥርስ ያገጠጠ ጉቶ ብቻ ነው። የአየር ፓምፑን ያጠፋው ሰው ስላልነበረ ቀጫጭኖቹ ጎማዎች ወለሉ ላይ እንደ እባብ እየተወራጩ አረንጓዴውን ውሃ ያንተከትኩታል። ሟቿ በዚያ መሀል በጎኗ ተጋድማለች። ነጭ ጋዋኗ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቡናማ። የራስ ቅሏ ከኋላ በኩል ገብቷል፤ የተመታችው አንድ ጊዜ አይደለም። ራቅ ብሎ የቱቦ መደገፊያ የነበረ የብረት ዘንግ ወድቋል። ጫፉ ላይ ፀጉር ተጣብቋል።

ከጭንቅላቷ ሥር የተጠቀለለ የዘበኛ ካፖርት አለ።

ኢንስፔክተሯ ካፖርቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ስልክ መታች። ሟቿ የልጇን ዕድሜ ነው የምታህለው።

«እማ፣ ደህና ነኝ፤ አልሞትኩም» አለች ልጇ፣ ገና ሰላም ሳይባባሉ። ሁልጊዜም የምትመልስላት እንዲህ ነው።

«በሩን ቆልፈሻል?»

«ቆልፌያለሁ። መስኮቱንም። ምድጃውንም አጥፍቻለሁ። ሌላስ?»

«አፍሽንም ዝጊ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ጣቢያ ውስጥ ከኋላዋ «ወይዘሮ ክፉ ቀን» ይሏታል። በር ሳይከፈት ከበሩ ጀርባ ላለው ሬሳ የምታለቅስ ሴት ናት እያሉ ይስቁባታል። ታውቃለች። ችግሩ፣ በሩ ሲከፈት ሬሳው ብዙ ጊዜ እዚያው መገኘቱ ነው።

ድንገት ከግቢው የሰው ሳይሆን የአውሬ የሚመስል ጩኸት ተሰማ።

ደረጃውን በሩጫ ወረደች። አምስት ስድስት ጎረምሶች ግዙፉን ዘበኛ መሬት ላይ አስተኝተው ላዩ ላይ ቁጭ ብለዋል። አንዱ፣ ፊቱ በብየዳ እሳት የጠቆረ፣ የዘበኛውን ቀኝ እጅ በር መግቢያው ድንጋይ ላይ ዘርግቶ በመዶሻ ይቀጠቅጣል። የሟቿ ወንድም በያጁ ነበር።

«ላነሳት ነው የነካኋት!» ይላል ዘበኛው። «ስሙኝ! ልጅቷ እኮ...»

መዶሻው ሌላ ጣት ላይ አረፈ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ሰማይ ተኮሰች። ጎረምሶቹ ተበተኑ፤ በያጁ ግን ንቅንቅ አላለም። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«አስረሽ ውሰጂው» አላት። «የፈታሽው ዕለት ግን የጣቢያሽ በር ላይ አናቱን እከፍለዋለሁ።»

«አንተ ባለጌ፣ በእናትህ ዕድሜ ያለች ሴት ነች!» ብሎ ከኋላዋ የደረሰው ረዳቷ ሃምሳ አለቃው ተቆጣ።

«እሺ፤ አስረው ይውሰዱት» አለ በያጁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የፈቱት ዕለት ግን እገድለዋለሁ። አሁን አከበርኳቸው?»

ኢንስፔክተሯ ሰውየው እንደማይቀልድ ገባት። ዘበኛውን ያለ ማስረጃ ብዙ ቀን ልትይዘው አትችልም። ከለቀቀችው ደግሞ ይሞታል። ነገሩ ይኸው ነው።

---

«እጅ ከፍንጅ ነው የተያዘው» አለ ሃምሳ አለቃው በመኪና ውስጥ። «ደሟ ደረቱ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ተኝቶ አግኝታው ስትከሰው ‹አንድ ቀን አንገትሽን እቀነጥሰዋለሁ› ብሏታል፤ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ከዚህ በላይ ምን ይምጣልን እትዬ?»

«ካፖርቱ።»

«ምን ሆነ?»

«የገደለ ሰው ለገደላት ትራስ ይሠራል?»

ሃምሳ አለቃው መኪናውን ወደ ክሊኒኩ አዞረ።

ዘበኛው ክሊኒክ ተኝቷል። እጁ እንደ ሕፃን ጭንቅላት ተጠቅልሏል። የሰጡት ማስታገሻ ምላሱን አስሮታል።

«መዛቴን ዝቻለሁ» አለ። «ተናድጄ ነበር። አፌ ነው እንጂ እጄ ክፉ አይደለም።»

«ምን ሰማህ?»

«ብርጭቆ ሲሰበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። መጀመሪያ አንድ ወደቀ ብዬ ነበር። ከዚያ ሁሉም! ሮጬ ወጣሁ። ወድቃለች፤ አቀፍኳት። ትንፋሿ ነበረ። ትንሽ አጉተመተመች።»

ኢንስፔክተሯ ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበች። «ስም ጠራች? የማንንም ስም?»

«አልጠራችም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የማንንም አልጠራችም። ከዚያ ጮህኩ። አልጌ አሳዳጊው ከምድር ቤት ወጥቶ መጣ። እሱ በሩ ላይ ቆመ፣ እኔ መኪና ፍለጋ ወረድኩ። ወንድሟ ደረሰ... የቀረውን አይተሽዋል።»

«ሕንፃው ውስጥ ሌላ ማን ነበር?»

«እሷና አልጌ አሳዳጊው ብቻ። ወንድሟ ከሰዓት በኋላ መጥቶ አትገባም ብዬው ተሰዳድበን ነበር።»

ይህን ጭላንጭል ኢንስፔክተሯ አልለቀቀችውም። በያጁ ከእህቱ ጋር በአባታቸው ቤት ሽያጭ ይጨቃጨቅ እንደነበር ጎረቤት ነግሯታል። ሠርቶ አዳሪ፣ ቱግ ባይ፣ ብረት የለመደ እጅ። ግማሽ ቀን ስለ እሱ ስትጠይቅ ዋለች። ያገኘችው ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ሲበይድ እንደነበር ነው፤ ብልጭታውን ሠፈሩ ሁሉ አይቶታል። የእህቱን ሞት የሰማውም እዚያው ጣሪያው ላይ ሳለ ነበር። መሰላሉን ትቶ ነው የዘለለው አሉ።

---

አልጌ አሳዳጊው ቤቱ ተቀምጦ ያለቅሳል። ቀጭን፣ ጥፍሩ ሥር አረንጓዴ የማይጠፋ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «አባወራው» ይሉታል፤ አልጌዎቹን «ልጆቼ» ስለሚል።

«ሁሉንም ጨረሱብኝ» አለ። «አንድም ቱቦ አልተረፈም።»

ኢንስፔክተሯ ከሟቿ አስቀድሞ ቱቦዎቹን ማንሳቱን ልብ አለች። ሐዘን ግን ሰውን ብዙ ያስቀባጥራል ብላ አለፈችው።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ታች፣ እቶኑ ጋ። እኔ እዚያ አልወርድም፤ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ‹ሥራ ይዞኛል፣ በሞቴ ዛሬ አንተ ቀይርልኝ› ብላ ለመነችኝ። እቶናችን አንድ ስለሆነ እስኪበርድ አንጠብቅም። የበሰለውን ኩባያ በጉጠት እናወጣለን፣ ጡብ ላይ እናስቀምጣለን፣ ሌላውን እናስገባለን።»

«ቀየሩት?»

«ቀየርኩት። እሳት እየላሰኝ አወጣሁት። ውስጡ ያለው ዱቄት እንደ ጨው ነጭ ነበር። እንዲያ ነጥቶ ሳየው ገርሞኝ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ዘበኛው እስኪጮህ ከዚያ አልተነሳሁም።»

እያወራ ተነሳና መስኮቱ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ብልቃጥ ከነፋሱ ፈቀቅ አደረጋት። መጋረጃውን ሳብ አድርጎ ፀሐይ ከለለላት። ኢንስፔክተሯ የራሷን ልጅ በሕፃንነቷ እንዲህ ስትሸፍን ትዝ አላት።

ውጭ ሲወጡ ሃምሳ አለቃው «ይኼ ሰው ነፃ ነው» አለ። «የእቶኑ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በሩ በዚያው ሰዓት ገደማ እንደተከፈተ ያሳያል። ኩባያዎቹም ተቀይረው ነው ያገኘናቸው፤ አንዱ ጡብ ላይ፣ ሁለተኛው ውስጥ። የቀየረ ሰው ታች ነበረ ማለት ነው።»

---

የላቦራቶሪው ኃላፊ ሴት ዓይኗ አብጧል። የሚሠሩትን ስትጠየቅ ግን ትንሽ ቀና አለች።

«አልጌውን አድርቀን እናፈላዋለን» አለች። «ጭማቂው የዚንክ ጨው ሲንጠባጠብበት ብረቱን ይይዘውና በዓይን የማይታይ ደቃቅ ቅንጣት ያደርገዋል። ናኖ የሚሉት ይኼ ነው። ሌላው ሰው በመርዛም ኬሚካል የሚያደርገውን እኛ በአልጌ እናደርገዋለን። በመጨረሻ እቶን ውስጥ ገብቶ የአልጌው ትርፍራፊ ይቃጠላል፤ የሚቀረው ንጹሕ ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ለቁስል ቅባት ይሆናል።»

«ከማን ጋር ተጣልታ ነበር?»

«ከማንም። ብቻ...» ሴትዮዋ አመነታች። «በዚያው ዕለት ጠዋት አንድ ነገር አሳየችን። ከጓሮው የጎርፍ ጉድጓድ ላይ የሚሰፍፈውን የቆሻሻ አልጌ ወስዳ ሞከረችው። እኩል ይሠራል። እኛ እዚያ ላይ በመብራት፣ በአየር፣ በሙቀት እንደ ንጉሥ ልጅ ከምናሳድገው እኩል! ስቀን ልንሞት ነበር። ቱቦዎቹን ልንዘጋ ወሰንን።»

«አባወራውም ሳቀ?»

«እሱ ዝም አለ። ለነገሩ የኛን ሥራ ድሮም አይወደውም። እቶን ቤቱን ‹ልጆቼን የምታቃጥሉበት› ነው የሚለው፤ ረግጦት አያውቅም።»

«ያን ዕለት ለምናኝ ወርጃለሁ ይላል።»

«እሱ? ታች?» ሴትዮዋ ቅንድቧን ሰቀለች። «እሷ ከለመነችው እንግዲህ...»

ኢንስፔክተሯ የፈራረሰውን ክፍል ከሴትዮዋ ጋር እንደገና ዞረችው። ውሃው ደርቆ ወለሉ ላይ አረንጓዴ ቅርፊት ሠርቷል። መስኮቱ ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ አቧራ ያልነካው ክብ ምልክት አየች።

«እዚህ ምን ነበር?»

«እናቲቱ። ቱቦዎቹን ሁሉ የምንዘራው ከእሷ ነው። ትንሽ ብልቃጥ ነች።» ሴትዮዋ ወለሉን በዓይኗ ፈለገች። «እሷም ተሰብራ ይሆናል።»

አልተሰበረችም። ኢንስፔክተሯ የትኛው መስኮት ላይ፣ ከየትኛው መጋረጃ ጀርባ እንዳለች ታውቃለች። ቤቱን ያፈረሰው ሰው መጀመሪያ ሕፃኗን አውጥቷል።

«‹ከዚያ በፊት ነው የወሰድኳት፣ ሊደፏት ስለነበር› ቢልስ?» አለ ሃምሳ አለቃው ስትነግረው።

«ይላል እንጂ! ለዚህ ነው እቶኑ የሚያስፈልገኝ። እቶን ቤት ያለው ማራገቢያ እንደዚያ እየጮኸ ሦስት ፎቅ ላይ ሰው ሲጮህ ይሰማል? ይህን ልፈትን። በያጁንም ጥራልኝ።»

«እትዬ፣ እሱን ካመጣነው ሰው ይሞታል።»

«ካላመጣነው ዘበኛው ይሞታል። በዓይኑ ካላየ የኔን ወሬ አያምንም።» ከዚያ እንደ ልማዷ የሚመጣውን ክፉ ሁሉ አሰበች፤ ጉጠቱን፣ እሳቱን፣ መዶሻውን። ሽጉጧንም ለሃምሳ አለቃው ሰጠችው። «በሩ ላይ ቁም። ማንም ከእጄ እንዳይነጥቀው።»

---

እቶን ቤቱ ጠባብ ነው። የደረቀ አልጌ ጆንያ በጆንያ ተከምሯል፤ የማራገቢያው ጩኸት ጆሮ ይበሳል። ግድያው ሲሰማ እቶኑ ጠፍቶ ሟቿ ያልጨረሰችው ሁለተኛው ኩባያ እዚያው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ኃላፊዋ እንደገና አጋለችው። በያጁ እጁን አጣምሮ ግድግዳ ተደግፏል። መዶሻውን ሃምሳ አለቃው ደጅ ላይ ተቀብሎታል።

«ያን ዕለት ያደረጉትን ያድርጉልኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አባወራው ጉጠቱን አነሳ። አያያዙ አያምርም፤ ሁለት ጊዜ አመለጠው። በሩን ሲከፍት ወበቁ ሁሉንም ወደ ኋላ ገፋቸው። ነጩን የሸክላ ኩባያ ቆንጥጦ አወጣና ጡቡ ላይ አስቀመጠው።

ኢንስፔክተሯ አጎንብሳ ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ ኃላፊዋን ዞር ብላ፣

«ተበላሸ እንዴ?» አለቻት።

«ምኑ?»

«ቢጫ ነው።»

የእንቁላል አስኳል ነው የሚመስለው።

«ሲግል መቼም ቢጫ ነው» አለች ኃላፊዋ፣ እንደ ተራ ነገር። «የዚንክ ጠባዩ ነው። ሲበርድ ይነጣል። ጠብቁት።»

ጠበቁ። ቢጫው ከጠርዙ ጀምሮ እየገረጣ፣ ወደ መሀል እየሸሸ፣ እየሸሸ ሄዶ ኩባያው ውስጥ ያለው ሁሉ ነጣ።

«‹እሳት እየላሰኝ አወጣሁት› ብለኸኝ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። አንቱታው ቀርቷል። «‹እንደ ጨው ነጭ ነበር፣ ገርሞኝ ቆሜ ቀረሁ› ብለኸኛል። አንተ ያየኸው የበረደውን ነው። ከእቶን ሲወጣ አላየኸውም። ቀይራው የወጣችው ራሷ ናት።»

አባወራው ኩባያውን ትክ ብሎ አየው።

«ነጭ ነበር አልክ?» አለ በያጁ ከግድግዳው እየተላቀቀ።

ጉጠቱ ወደ በያጁ ፊት ሲወነጨፍ ኢንስፔክተሯ ክንዷን አስገባች። የጋለው ብረት እጅጌዋን በልቶ ሥጋዋ ላይ ሲንጫጫ ሰማች፤ የራሷ ሥጋ መሆኑን ያወቀችው ሽታው ሲደርሳት ነው። ኩባያው ወድቆ ተሰበረ፤ ነጩ ዱቄት ቦነነ። በያጁ በብናኙ መሀል ሰውየውን ማጅራቱን ያዘው። ጉልበቱን በእግሩ መትቶ አንበረከከው፣ ፊቱን ወደ እቶኑ አፍ እየገፋ ወሰደው። ፀጉሩ መለብለብ ጀመረ። አባወራው ጮኸ። እንዲያ የሚጮህ ሰው ድምፅ በሦስት ፎቅ ሳይሆን በሦስት መንደር ይሰማል።

ሃምሳ አለቃው ሽጉጡን ደቀነ። ማንን እንደሚመታ ግን ቸገረው።

ኢንስፔክተሯ በደህናው እጇ በያጁን ቀበቶው ላይ ተንጠለጠለችበት። ወርውሮ ከጆንያዎቹ ጋር አላተማት። ተነሥታ እንደገና ያዘችው። በክርኑ አፏን መታት፤ ጥርሷ ከንፈሯን ቀደደው።

«እናትህ!» አለችው ደም እየተፋች። «እናትህ በአንድ ሳምንት ሁለት ልጅ ትቅበር? አንዷን በሬሳ፣ አንዱን በእስር ቤት?»

እጁ ላላ። ከዚያ ወደቀ፤ እሱም ተከትሎ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ዱቄቱ መሀል ተኝቶ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቅ ጀመር።

ሃምሳ አለቃው ጆንያዎቹን ሲያነሳሳ ከተቀደደው አንዱ ውስጥ፣ በደረቀ አልጌ ተሸፍኖ፣ ደም የጠጣ ጋዋን ወጣ።

«እሱን ልደብቅ ነው በኋላው ደረጃ የወረድኩት» አለ አባወራው። ካቴና ሲገባለት አልታገለም። ጉንጩ ላይ የተቃጠለው ቆዳ አብጦ አንድ ዓይኑን ከድኗል። «ኩባያው ጡቡ ላይ ነበር። ሳቀች እኮ። ‹ጉድጓድ ውስጥ የሚበቅለው ከልጆችህ ይሻላል› አለችኝ፣ እየሳቀች።»

«ቱቦዎቹንስ ለምን ሰበርካቸው?»

«የሚያበላሽ ሰው ገባ እንድትሉ። ደግሞም...» ተነፈሰ። «ከሚዘጓቸው በእኔ እጅ ይሻላቸዋል።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ከሰማች በኋላ ብዙ ቀን እንቅልፍ እንደማይወስዳት ወዲያው ታወቃት።

---

ክሊኒክ ክንዷን ሲጠቀልሉላት ስልኳ ጮኸ። ልጇ ነች። ከወትሮው ተገላብጦ እሷ ናት የደወለችው።

«እማ? ሰው ስለ እሳት ሲያወራ ሰማሁ፣ እማ ምን...»

«ደህና ነኝ» አለች ኢንስፔክተሯ በተሰፋ ከንፈሯ። «አልሞትኩም።»

ልጇ የዚያን ቀልድ ሌላኛውን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው።

---

ዘበኛው በሚፈታበት ጠዋት በያጁ የጣቢያው በር ላይ ቆሟል። ዘበኛው ሲያየው ከደጃፉ አፈገፈገ።

«እሱ እያለ አልወጣም።»

«መዶሻ አልያዘም» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ያኔም ስንተያይ ከጀርባው ነበር የያዘው።»

በያጁ ሰማ። ዞረ፣ ሁለት መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ እግሩን ከፍቶ፣ እንደሚፈተሽ ሰው ቆመ። ግዙፉ ሰው በጀርባው በኩል ቀስ ብሎ መጣና እዚያው ሲደርስ ቆም አለ። ኢንስፔክተሯ የሚመጣውን ክፉ አሰበች፤ እጇ ወደ ወገቧ ሄደ። ዘበኛው የተጠቀለለውን እጁን አነሳ። አየው። መልሶ አወረደው።

«እህትህ ክንዴ ላይ ሆና ተናግራ ነበር» አለ። «ልነግርህ ጀመርኩ፤ አላስጨረስከኝም።»

ኢንስፔክተሯ ክው አለች። «ምንም አላለችም ብለኸኝ ነበር እኮ!»

«ስም ጠራች ወይ ነው ያልሽኝ። ስም አልጠራችም። የሥራ ነገር ነው ያወራችው፣ ምንም ቁም ነገር የለውም ብዬ ነው።»

«ምን አለች?»

«‹ሁለተኛውን አስገብቼዋለሁ፤ አውጡልኝ› ነው ያለችው። ደጋግማ።»

ኢንስፔክተሯ የተጠቀለለ ክንዷን ያዘች። ‹አስገብቼዋለሁ› ብላ ነበር። እቶኑን የቀየረው ማን እንደሆነ ልጅቷ በአንደበቷ ተናግራለች፤ መዶሻው የመጀመሪያውን ጣት ሳይመታ ዘበኛው ቃሏን ይዞት ነበር። እሷ ደግሞ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ስም ብቻ ጠየቀችው።

በያጁ ፊቱን ከግድግዳው አላነሳም።

«አወጣነው» አለ ግድግዳውን። «አወጣነው፣ እህቴ።»